ሁለት ሰው የተቀረጸበት ሜዳይ

ሰው ለደከመበት ሥራ ምስጋናን ቢመኝ አይነቀፍም። በሀገራችን ከጥንት ጀምሮ ጀግናው ሲሸለም፣ ሊቁም ሲመሰገን ኖሯል። በጦር ሜዳ የዋለው የአንበሳ ለምድ ይደረብለት ነበር። በእኛ በጎጃም ግን ከዚህ ሁሉ የረቀቀ አንድ ክብር አለ፤ እርሱም የቅኔ ክብር ነው። በዋሸራ፣ በጎንጅና በዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ጉባኤ ተማሪው ቅኔውን ሲያቀርብ፣ ወርቁ ከሰሙ ጋራ የሰመረለት እንደ ሆነ፣ መምህሩ «ይበል!» ይሉታል። ይህች ቃል በአንገት አትንጠለጠልም፤ በሣጥንም አትቀመጥም። ይሁን እንጂ ያቺን ቃል ለመስማት ስንቱ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ ከደብር ደብር ተንከራቷል።

ለዘንድሮው መጽሔታችን እጽፍ ዘንድ የመረጥሁት ስለ ሌሎች ቅኔ ፈቺዎች ነው። እነዚህኞቹ የፈቱት ቅኔ የፀሐይ ብርሃን ነው። የጥበባቸው ስም ስፔክትሮስኮፒ ይባላል፤ በእኛ አነጋገር ብርሃንን በየቀለሙ ለይቶ የመመርመር ጥበብ ብንለው ይስማማዋል። በዚህ ጥበብ ለተራቀቁት ሰዎች መንግሥታትና የሊቃውንት ማኅበራት ልዩ ልዩ ሜዳይ ሸልመዋቸዋል። ስለ እነዚህ ሜዳዮች ያነበብሁትን ለክፍል ጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቼና ለወላጆቻችን ለማካፈል የወደድሁበት ምክንያት አለኝ፤ እርሱንም ወደ ኋላ እገልጸዋለሁ።

በመጀመሪያ ጥበቡ ምን እንደ ሆነ ላስረዳ። ዝናም ዘንሞ ፀሐይ ብቅ ስትል በጮቄ ተራራ በኩል የማርያም መቀነት ሲዘረጋ ያላየ የጎጃም ልጅ የለም። ነጩ ብርሃን በውሃው ጠብታ ውስጥ ሲያልፍ ቀዩ፣ ቢጫው፣ አረንጓዴው፣ ሰማያዊውና ሐምራዊው እየተለየ ይወጣል። እንግሊዛዊው ሊቅ አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1666 ገደማ የፀሐይን ጨረር በጠባብ ቀዳዳ ወደ ጨለማ ክፍል አስገብተው፣ በሦስት ማዕዘን መስተዋት ውስጥ አሳልፈው ይህንኑ በቤታቸው አዩ። ነጭ የምንለው ብርሃን የብዙ ቀለማት ድምር መሆኑንም አስረዱ። እንግዲህ በቅኔ ቋንቋ ብንናገር ነጩ ብርሃን ሰም ነው፤ ወርቁ በውስጡ ተሸሽጓል።

ወርቁን ጠለቅ ብሎ ያየው ግን የድኻ ልጅ ነው። ዮሴፍ ፍራውንሆፈር እ.ኤ.አ. በ1787 በጀርመን ሀገር በባቫርያ ተወለደ። ገና በ11 ዓመቱ እናትና አባቱ ሞተውበት፣ በሙኒክ ከተማ ከአንድ መስተዋት ሠሪ ዘንድ በአገልጋይነት ተቀጠረ። እ.ኤ.አ. በ1801 የሚኖርበት ቤት ተደርምሶ ከፍርስራሹ ሥር በሕይወት ተገኘ፤ የሀገሩ መስፍንም አዝነውለት ገንዘብ ሰጡት። ልጁ በዚያ ገንዘብ መጻሕፍትና የመስተዋት መሣሪያ ገዛበት። ካደጉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1814 ራሳቸው በሠሩት መሣሪያ የፀሐይን ብርሃን ቢመለከቱ፣ በቀለማቱ መካከል ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ተሰምረው አገኙ። ከ500 በላይ ቈጠሩ፤ ዋና ዋናዎቹንም በፊደል ሰየሟቸው። መስመሮቹ ምን እንደሚሉ ግን ሳያነቡ እ.ኤ.አ. በ1826 በ39 ዓመታቸው ዐረፉ። ፊደሉን ቈጥረው ለሌላ አንባቢ ትተውለት ሄዱ ማለት ነው።

አንባቢዎቹም ከሠላሳ ዓመት በኋላ መጡ። እነርሱም በሃይደልበርግ ከተማ የነበሩት የፊዚክስ መምህር ጉስታቭ ኪርኾፍና የኬሚስትሪ መምህር ሮበርት ቡንሰን ናቸው። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1859 እና በ1860 በአንድነት ሲመረምሩ፣ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ተኖ ሲግል የራሱ የሆነ የብርሃን መስመር እንዳለው አረጋገጡ። ይህን ከእኛ መካከል ማንም ሊያየው ይችላል፤ ጥቂት ጨው በነበልባል ላይ ቢነሰነስ ነበልባሉ ወዲያው ቢጫ ይሆናል። ያ ቢጫ በጨው ውስጥ ያለው የሶዲየም ፊርማ ነው። ሶዲየሙ በባሌም ይሁን በአፋር ጨው ውስጥ፣ በምድርም ይሁን በፀሐይ ላይ ይሁን፣ ፊርማው አንድ ነው። ፍራውንሆፈር የቈጠሯቸው ጥቁር መስመሮችም በፀሐይ ዙሪያ ያለው ትነት የዋጣቸው የብርሃን ክፍሎች መሆናቸው በዚህ ታወቀ። ስለዚህ ሰው ከመሬት ሳይነቃነቅ ፀሐይ ከምን ከምን እንደ ተሠራች ለማንበብ ቻለ። ሁለቱ ሊቃውንት በዚሁ መንገድ ቀድሞ የማይታወቁ ሁለት ንጥረ ነገሮችን፣ ሲዚየምንና ሩቢዲየምን አገኙ።

ስለ ኪርኾፍ የሚነገር አንድ ጨዋታ አለ። በፀሐይ ላይ ስላሉት ማዕድናት ሲናገሩ ገንዘባቸውን የሚያስቀምጡበት የባንክ ሰው፣ «ወደ ምድር ላወርደው የማልችለው ወርቅ በፀሐይ ላይ ቢኖር ምን ይረባኛል?» ብሎ ነቀፋቸው ይባላል። ከጊዜ በኋላ ኪርኾፍ ከእንግሊዝ ሀገር ሜዳይና የወርቅ ገንዘብ ተሸለሙ። ወርቁንም ወደ ባንክ ወስደው፣ «እነሆ ከፀሐይ የወረደ ወርቅ» አሉት ይባላል። ጨዋታው በቃል ሲተላለፍ የመጣ ነው፤ የለንደኑ ንጉሣዊ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1862 የረምፈርድን ሜዳይ ለኪርኾፍ መስጠቱ ግን የተመዘገበ ነገር ነው።

የባንኩ ሰው ጥያቄ ለእኔ እንግዳ አልሆነብኝም። አባቴ በስናን ወረዳ ከጮቄ ግርጌ ገበሬ ናቸው። በዕረፍት ወደ ቤት ሄጄ የብርሃንን ነገር ባወራላቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ፀሐይስ ብናውቃትም ባናውቃትም ትሞቀናለች። ይህ ትምህርት የእኔ መሬት ስለ ምን ገብስ እንደ ነፈገኝ የሚነግረኝ ከሆነ ግን በርትተህ ተማረው።» እኔም መልሱን ሳፈላልግ ቈይቼ አገኘሁት።

በጎጃም ደጋ ዝናሙ ብዙ ስለ ሆነ እንደ ካልሲየምና ማግኒዚየም ያሉትን ንጥረ ነገሮች ከአፈሩ እያጠበ ይወስዳቸዋል፤ ከዚህም የተነሣ ብዙው መሬት አሲዳማ ሆኗል። ኮምጣጣ አፈር እንደ ማለት ነው፤ የተዘራበትን ማዳበሪያ እንኳ ለሰብሉ አሳልፎ አይሰጥም። መድኃኒቱ ኖራ ነው። ነገር ግን የትኛው መሬት ምን እንደ ጐደለው አስቀድሞ መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2012 የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት የሚባል ሥራ ተጀምሮ፣ ከየወረዳው የአፈር ናሙና ተሰብስቦ ተመረመረ። ከምርመራው መንገድ አንዱ ይኸው ስፔክትሮስኮፒ ነበር። አፈሩ ደርቆና ተፈጭቶ ዓይን የማያየው ቀይ-ዘለል ብርሃን ይበራበታል፤ ከአፈሩ ላይ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን የትኛው ክፍሉ እንደ ጐደለ ሲነበብ፣ አፈሩ ምን እንደ ያዘና ምን ያህል አሲዳማ እንደ ሆነ ለመገመት ይቻላል። በዚህ ጥናት የሀገራችን አፈር ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ብቻ ሳይሆን በብዙ ቦታ ድኝ፣ ቦሮንና ዚንክ ጭምር እንደሚጐድለው ታወቀ፤ ለብዙ ዘመን ዳፕ ሲባል የኖረው ማዳበሪያም ድኝ ባለበት በሌላ ማዳበሪያ ተተካ። ስለዚህ ኪርኾፍ ለባንኩ ሰው ወርቅ እንዳሳዩት፣ እኔም ለአባቴ የማሳየው ነገር አገኘሁ። በሃይደልበርግ ፀሐይን ያነበበው ጥበብ ዛሬ በጎጃም የገበሬውን ማሳ ያነባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ እመለሳለሁ። ካነበብኋቸው ሜዳዮች ሁሉ ልቤን የነካው እ.ኤ.አ. በ1872 የፈረንሳይ መንግሥት ያስቀረጸው ነው። የዚህ ሜዳይ ታሪክ የሚጀምረው ደግሞ በሀገራችን ሰማይ ላይ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ሰኔ 14 ቀን እሑድ ጠዋት የሆነው የፀሐይ ግርዶሽ ብዙዎቻችን እናስታውሰዋለን። በላሊበላ ፀሐይዋ የእሳት ቀለበት መስላ ታየች። በእኛ በኩል ቀለበቱ ባይታይም አብዛኛው ፊቷ ተሸፍኖ እንደ ማጭድ ቀጥና ነበር። በዚያ ዓመት በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶ እኔ ከብት እጠብቅ ነበር፤ በዛፉ ጥላ ሥር በቅጠሎቹ መካከል ሾልኮ የወደቀው ብርሃን ሁሉ በመሬት ላይ ትንንሽ ማጭድ ሆኖ አየሁት። በነሐሴ 13 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ማለት እ.ኤ.አ. ኦገስት 18 ቀን 1868፣ የሆነው ግርዶሽ ግን ከዚህ የበለጠ ነበር፤ ፀሐይን ፈጽሞ የጋረደ ነው። ጊዜው አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ ከአራት ወር በኋላ፣ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ገና ሳይነግሡ ነው። የጨረቃ ጥላ በማለዳ የሀገራችንን ሰሜናዊ ምድር ነክቶ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ በኤደን በኩል አልፎ፣ ሕንድን አቋርጦ ሄደ።

በሕንድ ሀገር በጉንቱር ከተማ ዡል ዣንሰን የሚባሉ ፈረንሳዊ ሊቅ ጥላውን ይጠብቁ ነበር። እኒህ ሰው በሕፃንነታቸው በደረሰባቸው አደጋ ያነክሱ ነበር፤ ሆኖም በባሕርና በየብስ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዘዋል። ፀሐይ በጨለመች ጊዜ በጠርዟ ላይ እንደ ነበልባል የሚንቦገቦጉትን ቀያይ ነገሮች በብርሃን መመርመሪያ መሣሪያቸው ተመለከቱ፤ መስመሮቻቸው እጅግ ደማቅ ስለ ነበሩ እነዚህን ያለ ግርዶሽም ማየት ይቻላል ብለው አሰቡ። በማግስቱ ፀሐይ በሙሉ ብርሃኗ ሳለች ሞከሩት፤ ተሳካላቸው። ከዚያ በፊት ነበልባሎቹን ለማየት ግርዶሽ እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ፀሐይ በወጣች ቀን ሁሉ የሚታዩ ሆኑ።

በዚያው ጊዜ በለንደን ከተማ ኖርማን ሎክየር የሚባሉ ሰው ነበሩ። ሥራቸው የጦር ሚኒስቴር ጸሐፊነት ነው፤ ሳይንስን የሚሠሩት ከቢሮ በኋላ በትርፍ ጊዜያቸው ነበር። እርሳቸውም ይህንኑ ዘዴ በራሳቸው አሳብ አስቀድመው አስበውት፣ መሣሪያው እስኪሠራላቸው ሲጠብቁ ቈይተው፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 1868 ከእንግሊዝ ሀገር ሳይወጡ ያለ ምንም ግርዶሽ ነበልባሎቹን አዩ። ወደ ሕንድም አልሄዱ፤ የዣንሰንንም ሥራ አልሰሙ።

የሁለቱ ሰዎች ደብዳቤ በፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ፊት በአንድ ቀን፣ ኦክቶበር 26 ቀን 1868 ቀረበ። የአንዱ ደብዳቤ ከሕንድ ተነሥቶ ከወር በላይ በመንገድ ቈይቷል፤ የሌላው ከለንደን በጥቂት ቀን ደርሷል። እንግዲህ ፈራጅ ሆናችሁ አስቡት። አንደኛ ማን ነው? በቀን ቈጠራ ዣንሰን ሁለት ወር ይቀድማሉ። በአሳብ ግን ሎክየርም አስቀድመው አስበውት ነበር። በሀገርም በኩል አንዱ ፈረንሳዊ ሌላው እንግሊዛዊ ናቸው፤ ሁለቱ መንግሥታት ደግሞ በክብር ነገር የሚፎካከሩ ነበሩ። ለጠብ የሚበቃ ምክንያት ሞልቶ ነበር። የፈረንሳይ መንግሥት ግን ሜዳይ ሲያስቀርጽ የራሱን ዜጋ ብቻ አላስቀረጸም፤ የሁለቱን ሰዎች ምስል ጎን ለጎን በአንድ ሜዳይ ላይ አስቀረጸ። ሁለቱም ጠላትነት ሳይገባባቸው ወዳጆች ሆነው ኖሩ።

ሎክየር በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያዩት አንድ ቢጫ መስመር ከሶዲየም መስመር ጋራ የማይገጥም ሆኖ አገኙት። በምድር ላይ የታወቀ ማንኛውም ንጥረ ነገር ይህ ፊርማ የለውም። እርሳቸውም በፀሐይ ላይ ያለ አዲስ ንጥረ ነገር ነው አሉ፤ በግሪክ ፀሐይ ማለት ሄሊዮስ ስለ ሆነ ስሙ ሂሊየም ተባለ። ብዙ ሰዎች ተጠራጠሩ። ከ27 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1895፣ ዊልያም ራምሴ ዩራኒየም ካለበት ድንጋይ ያወጡትን ጋዝ ሲመረምሩ ያንኑ ቢጫ መስመር አዩት። በፀሐይ የተነበበው በምድር ተገኘ። ከ1869 ጀምሮ በየሳምንቱ የሚታተመውን ኔቸር የተባለውን የሳይንስ መጽሔት የመሠረቱትም እኒሁ የጦር ሚኒስቴር ጸሐፊ ናቸው፤ ይህም ያገኙትን ለራሳቸው ብቻ የሚያስቀሩ ሰው እንዳልነበሩ ያሳያል።

ለሁለት ሰው አንድ ሜዳይ መስጠት በዚህ ብቻ አልቀረም። የለንደኑ ንጉሣዊ ማኅበር የዴቪ ሜዳይ የተባለውን ሽልማት እ.ኤ.አ. በ1877 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ፣ ለቡንሰንና ለኪርኾፍ በጋራ ሰጠ። አንዱ የኬሚስትሪ፣ አንዱ የፊዚክስ ሰው ናቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው መንገዱን ባላገኙትም ነበር።

ሜዳይ ሁልጊዜ በጊዜው ይመጣል ብዬ ግን አላታልላችሁም። ዣንሰን እ.ኤ.አ. በ1870 ፓሪስ በጠላት ተከባ ሳለች በአየር በሚንሳፈፍ ባሎን ከከተማይቱ ወጥተው፣ ሌላ ግርዶሽ ለማየት እስከ አልጄሪያ ሄዱ፤ በዕለቱ ግን ደመና ሸፈነባቸው። ይልቁንም የሴሲሊያ ፔይን ታሪክ ሊታወስ ይገባዋል። እኒህ ሴት በእንግሊዝ ሀገር እ.ኤ.አ. በ1900 ተወለዱ፤ በኬምብሪጅ ተምረው ሳለ ዩኒቨርሲቲው በዚያን ጊዜ ለሴቶች ዲግሪ የማይሰጥ ስለ ነበረ ወደ አሜሪካ ሄዱ። በ1925 ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ የከዋክብትን መስመሮች አንብበው፣ ከዋክብት ከሁሉ ይልቅ የተሠሩት ከሃይድሮጅንና ከሂሊየም ነው የሚል ውጤት አገኙ። በዚያ ዘመን በጥበቡ ስመ ጥር የነበሩት ሄንሪ ኖሪስ ራስል ይህ ሊሆን አይችልም ስላሉአቸው፣ በጽሑፋቸው ላይ ውጤቱ እውነት እንደማይመስል አድርገው ለመጻፍ ተገደዱ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ራስል ራሳቸው በሌላ መንገድ ሄደው ወደዚያው እውነት ደረሱ፤ የእርሳቸውንም ሥራ በጽሑፋቸው ጠቀሱ። እ.ኤ.አ. በ1976 ሴሲሊያ ፔይን በአሜሪካ ከሚሰጠው የሥነ ፈለክ ሽልማት ትልቁን ሲቀበሉ፣ የሽልማቱ ስም የሄንሪ ኖሪስ ራስል ሽልማት ነበር። ሃምሳ አንድ ዓመት ቈይቶ የመጣ «ይበል!» ማለት ይህ ነው። በክፍላችን ያላችሁ እኅቶቻችን ይህን ታሪክ እንድትይዙት እወዳለሁ። እውነትን ያነበበ ሰው ሜዳዩ ቢዘገይበት እንኳ ንባቡ አይሰረዝም።

ይህ ነገር የሩቅ ሰዎች ብቻ እንዳይመስለን ደግሞ ወደ ቅርብ እንምጣ። ከጎጃም ተራሮች የሚወርደው የዓባይ ውሃ ወደ ባሕር በሚገባበት በግብፅ ሀገር፣ በደመንሁር ከተማ፣ አሕመድ ዘወይል እ.ኤ.አ. በ1946 ተወለዱ። እርሳቸው የስፔክትሮስኮፒን ጥበብ እጅግ አጭር ከሆነ የሌዘር ብልጭታ ጋራ አጣምረው፣ ንጥረ ነገሮች ሲዋሐዱና ሲለያዩ በቅጽበት የሚሆነውን ለማየት ቻሉ፤ ስለዚህም በ1999 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። የእኛው የፍኖተ ሰላም ተወላጅ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ደግሞ፣ ጥበባቸው ብርሃን ሳይሆን የተክል በሽታ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ሎሬያልና ዩኔስኮ በሳይንስ ለተራቀቁ ሴቶች የሚሰጡትን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ከፍኖተ ሰላም እስከ ደብረ ማርቆስ ያለው መንገድ ምን ያህል እንደ ሆነ ለአንባቢዎቼ መንገር አያስፈልገኝም። መሣሪያውም ቢሆን በሀገራችን አለ፤ በእንጦጦ ተራራ ላይ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ 10 ቀን ከቻይና ምድር የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይትም መሬታችንን በልዩ ልዩ የብርሃን ቀለም ለይታ እንድታይ የተሠራች ነበረች።

አሁን ይህን ሁሉ የጻፍሁበትን ምክንያት ልግለጽ። እኔና አንድ ጓደኛዬ ከገጠር መጥተን በደብረ ማርቆስ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንማራለን። የእርሱ ስንቅ ሲያልቅ የእኔ ይበላል፤ መብራት ሲጠፋ በአንድ ሻማ እናነባለን። እኔ ፊዚክሱን ለእርሱ አስረዳዋለሁ፤ እርሱ ሒሳቡን ለእኔ ያስረዳኛል። ባለፈው ዓመት መጨረሻ እርሱ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ ወጣን፤ የለየን ከግማሽ ማርክ ያነሰ ነበር። ሜዳዩ በአንገቱ ጠለቀለት፤ እልልታውም ለእርሱ ብቻ ሆነ። ማታ ክፍላችን ስንገባ ዝምታ ወረደብን። ደስታው በእርሱ ላይ፣ ዝምታው በእኔ ላይ ከብዶ ጥቂት ቈየን። በመጨረሻ ጓደኛዬ በግድግዳው ላይ ሚስማር መትቶ ሜዳዩን ሁለታችን ከምናነብበት ጠረጴዛ በላይ ሰቀለው፤ «ፊዚክሱ የአንተ፣ ሒሳቡ የእኔ፤ ታዲያ ይህ የማን ነው?» አለኝ። እኔ መልስ አልነበረኝም። የዣንሰንንና የሎክየርን ሜዳይ ታሪክ ያነበብሁት ከዚያ ወዲህ ነው፤ ጥያቄው ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ተጠይቆ መልስ ማግኘቱንም የተረዳሁት በዚያ ጊዜ ነው።

ሁሉም ተማሪ እንዲህ ያለ ጓደኛ አላጋጠመውም። ደረጃ ሊወጣ ሲቃረብ ደብተሩን የሚሸሽግ፣ የተጠየቀውን እያወቀ «አላውቀውም» የሚል፣ የሌላው መውደቅ ለእርሱ መነሣት የሚመስለው ተማሪ በየትምህርት ቤቱ አለ። ይህ አሳብ ግን ሐሰት ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም.ም ከዚህ የተሻለ አልሆነም። በዚያ ፈተና የወደቀው ተማሪ ጓደኛው ስለ በለጠው አልወደቀም፤ ከመቶ ሃምሳ ስላልሞላለት ነው። ጓደኛዬ አምሳ ቢሞላ የእኔ አምሳ አይጐድልም። እንዲያውም ሁለታችንም የምንሞላው ተረዳድተን እንደ ሆነ ነው። አባቶቻችን በቅኔ ቤት ይህን ያውቁት ነበር፤ ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን እያስተማረ ራሱም ይበልጥ ይጠነክር ነበር እንጂ ዕውቀቱን አይሸሽግም። ሲያስተምር ያልኖረ ተማሪ ወደ መምህርነት የሚደርስበት መንገድ የለም።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችን አንድ ትሕትና ያለው ሐሳብ አቀርባለሁ። ለአንደኛ የሚሰጠው ሽልማት አይቅር፤ የደከመ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ከእርሱ ጋራ አንድ ሌላ ሽልማት ይጨመር፤ እርሱም በአንድነት አጥንተው፣ አንዱ ሌላውን አንሥቶ፣ ሁለቱም ከነበሩበት ከፍ ላሉ ሁለት ተማሪዎች በጋራ የሚሰጥ ይሁን። ወጪው ከአንድ ሜዳይ አይበልጥም፤ የሁለቱ ስም በአንድ ላይ ይጻፍበት። ወላጆቻችንም ልጃችሁ ካርዱን ይዞ ሲመጣ «ስንተኛ ወጣህ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ በኋላ፣ «ማንን አስረዳህ? አንተንስ ማን አስረዳህ?» ብላችሁ ብትጨምሩበት እጅግ ይጠቅመናል። ለእናንተ ለክፍል ጓደኞቼ ደግሞ የምለው ይህ ነው፤ ብርሃን ሲከፋፈል አይቀንስም። ፍራውንሆፈር ቈጠሩ፤ ኪርኾፍና ቡንሰን አነበቡ፤ ዣንሰንና ሎክየር ያለ ግርዶሽ አሳዩ፤ ሴሲሊያ ፔይን የከዋክብትን ነገር ገለጹ። የአንዱ መስመር በሌላው ላይ ባይቀጠል ኖሮ ማናቸውም ብቻቸውን ቅኔውን በፈጸሙት አይመስለኝም።

መጪው ዘመን እርስ በርሳችን ደብተር የምንዋዋስበት፣ ዕውቀታችን የሚበዛበት፣ ከጎጃም ልጆችም መካከል ብርሃንን አንብበው «ይበል!» የሚባሉ የሚነሡበት ዘመን እንዲሆን እየተመኘሁ፣ አሳቤን በዚህ እፈጽማለሁ።